የአባቴን ማኅደር ፍለጋ፦ በአንዲት የደቡብ ወሎ ከተማ የወሳኝ ኩነትና የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት

አባቴ ወደ አኺራ ከሄደ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ የቤቱን ይዞታ ወደ እናቴ ስም ለማዞር ከደሴ በሚኒባስ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ በምትርቅ አንዲት ትንሽ ከተማ ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የከተማዋን ስም የማልጠቅሰው የቢሮዎቹ ሠራተኞች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑና ስሟ ከተጠራ እያንዳንዳቸው ተለይተው ስለሚታወቁ ነው። ይህን የምጽፈው ከመሄዴ በፊት ፈልጌ ያላገኘሁትን ለሌላው ለማቆየት ነው፤ ይኸውም የትኛው ወረቀት ከየትኛው እንደሚቀድም፣ የትኛው ቢሮ ምን እንደሚይዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ማኅደር ከመደርደሪያ ላይ የሚገኘው በምን እንደሆነ ነው።

የመጀመሪያው ደጃፍ የቀበሌው ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ነው። ሕጉ «የክብር መዝገብ ሹም» የሚለው፣ ሕዝቡ ግን በሥራው ስም «ወሳኝ ኩነት» እያለ የሚጠራው ሠራተኛ ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን ይመዘግባል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለባቸው፤ እኛ ግን እንደ አብዛኛው የወሎ ቤተሰብ ቀብሩን፣ ሰደቃውንና ለቅሶውን እንጂ ምዝገባውን አላሰብነውም ነበር። ስለዚህ ጉዳያችን ወቅታዊ ወይም የዘገየ ከሚባለው ሳይሆን ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየውና «ጊዜ ገደቡ ያለፈ» ከሚባለው ምድብ ወደቀ፤ ተጨማሪ ማስረጃም ተጠየቅን። አባቴ ያረፈው በቤቱ ስለሆነ የሐኪም ማስረጃ አልነበረንም። ያዳነን የቅሬው፣ ማለትም የዕድሩ፣ መዝገብ ነው። የቅሬው ጸሐፊ፣ ማን መቼ እንዳረፈና ለቀብሩ ስንት ብር እንደወጣ የሚጽፉበትን ደብተር ይዘው መጡ፤ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ በእስክሪብቶ በግልጽ ሰፍሮ ነበር፤ ከሦስት የሰው ምስክር ጋር ተያይዞም በቂ ሆነ። ቅሬ ለቀብር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በዚህች ከተማ ከቀበሌው ይልቅ ሟቾቿን በትክክል የጻፈው እርሱ መሆኑን ልብ ይበል።

የወሳኝ ኩነቱን ሠራተኛ ሥራ ሳልሸልም አላልፍም። ወጣት ናት፤ እናቴን «አንቱ» እያለች፣ ወንበር አቅርባ፣ የሚጎድለውን ወረቀት በአንድ ጊዜ ዘርዝራ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችልን። በሌሎች ቢሮዎች የተለመደው አንዱን ስታመጣ ሌላውን መጠየቅ በእርሷ ዘንድ አልነበረም። የምስክር ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። እናቴ ስትወጣ «አብሽሪ ልጄ፣ እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን» ብላ መረቀቻት።

ለምን ይህ ሁሉ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ለማይገባው አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ዝርዝር ድንጋጌ ነበረው፤ ነገር ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 እነዚህ ድንጋጌዎች ወደፊት በትእዛዝ እስኪገለጽ ድረስ እንዳይሠራባቸው አቆይቷቸዋል። ትእዛዙ ሳይወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ፤ አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደ ወይም ያረፈ የወሎ ሰው በመንግሥት መዝገብ ባይገኝ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ማስረጃው በሌላ ቦታ ተበትኗል፦ በቤተ ክርስቲያን በ40 እና በ80 ቀን ክርስትና በተነሱ ሕፃናት ስም፣ በጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ፣ በትምህርት ቤት ሮስተር፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የኒካሕ መዝገብ፣ ወይም በቅሬ ደብተር።

የወራሽነቱን ጉዳይ በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ በመደበኛው የወረዳ ፍርድ ቤትም ሆነ፣ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ፣ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስወሰን ይቻላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። እኛ ልጆቹ ድርሻችንን ለእናታችን ስለተውን ክርክር አልነበረም፤ ውሳኔውም ሳይዘገይ ወጣ። የመዘዙ ሥር ግን የተተከለው እዚያው ነው። የአባቴ ስም በ«ሐ» ፊደል ይጀምራል። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ በ«ሐ» ጻፉት፤ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ በ«ሀ» ነበር፤ በማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ውስጥ ደግሞ፣ በኋላ እንደታየው፣ በ«ኀ»።

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ስንደርስ የተጠየቅነው የመጀመሪያ ጥያቄ «የማኅደር ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል ነበር። አላወቅነውም። ማኅደሮቹ የተደረደሩት በቁጥር ነው፤ ስም ከቁጥር ጋር የሚገናኘው በአንድ ትልቅ ባሕር መዝገብ ነው፤ ባሕር መዝገቡ ደግሞ የተጻፈው በተለያየ ዘመን፣ በተለያየ እጅና በተለያየ ፊደል ነው። አንድን ስም ለማግኘት መዝገብ ቤት ሠራተኛው በሀ፣ በሐና በኀ ሦስት ጊዜ መፈለግ ነበረባቸው፤ በሁለተኛው ቀን ሰልችቷቸው «የለም» አሉን። «የለም» ማለት ግን በዚህ ቢሮ ቋንቋ «በዚህ ፊደል አላገኘሁትም» ማለት እንደሆነ ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጅቶብናል።

ችግሩ የፊደል ብቻ አይደለም። የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር የአንድ ቤት ሰነድ በአያት፣ በአባትና በልጅ ስም ሦስት ባለቤት ያለው ይመስላል። በወሎ ደግሞ ሰው የቤት ስምና የመዝገብ ስም አለው፤ እስላምና ክርስቲያን በጋብቻ በተሳሰረበት ቤት ውስጥ አንዱ ሰው በሁለት ስም ሊጠራ ይችላል፤ ሸህ የተባለውም «ሸህ» የሚለው ከስሙ ጋር ተለጥፎ ሊመዘገብ ይችላል። የእኛን ቤት ማኅደር በመጨረሻ ያገኘነው በአባቴ ስም ሳይሆን በአያቴ ስም ነው። በማኅደሩ ውስጥ ያለው ጥንታዊ ወረቀት የተጻፈው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 በወጣበት ጊዜ፣ ቀበሌዎች አዲስ ሲቋቋሙ፣ አያቴ «የምኖርበት አንድ ቤት ይህ ነው» ብለው ባስመዘገቡበት ቀን ነበር። አባቴ በኋላ ግብሩን በራሱ ስም ሲከፍል ኖሯል፤ ማኅደሩ ግን ስሙን አልቀየረም።

የፈታው የግብር ደረሰኝ ነው። እናቴ በሳጥኗ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልላ ያቆየችው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኝ ጥግ ላይ የማኅደሩ ቁጥር ተጽፎ ነበር። በማንኛውም የወሎ ከተማ ለዚህ ጉዳይ የሚሄድ ሰው ከሁሉ በፊት ያረጀ የግብር ደረሰኝ ይፈልግ። ቁጥሩን ስንሰጣቸው ሠራተኛው ከመሰላሉ ላይ ወጥተው በአሥር ደቂቃ ማኅደሩን አወረዱት። ከዚያ በፊት ያባከንነው ሁለት ሳምንት ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ለመሆን የመዝገብ ቤቱን ሁኔታ መግለጽ ይገባኛል። በ2014 በጦርነቱ ወራት በደቡብና በሰሜን ወሎ በበርካታ ከተሞች መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ሰነዶችም ወድመዋል። የዚህች ከተማ ማኅደሮች ሰነዱ ለምንም የማይጠቅማቸው ሰዎች ግቢው ውስጥ በትነዋቸው እንደነበር፣ ሠራተኞቹም ከጭቃ እያነሱ አድርቀው መልሰው እንዳሰሩዋቸው ሠራተኛው ነግረውናል። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ቡናማ ሆኗል፤ የተወሰኑትም ሽፋናቸው ጠፍቶ ቁጥራቸው በእርሳስ ተጽፏል። በዚህ ሥራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የደከሙ ሰዎችን «የለም ይላሉ» ብሎ ብቻ መክሰስ ይከብደኛል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ባሕር መዝገቡን በኮምፒዩተር መገልበጥ የሚቻልባቸው ዓመታት አልፈዋል። ወሳኝ ኩነት በአዲሱ ሥርዓት ቅጂው ወደ ላይኛው አካል ስለሚላክ ቀበሌው ቢቃጠልም አንድ ቦታ ይገኛል፤ የቤታችን ማኅደር ግን በዓለም ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ በሁለት ጣቶች መካከል በሚበጠስ ገመድ ታስሮ።

ማኅደሩ ከተገኘ በኋላ የሦስቱ ፊደል ጉዳይ ተነሣ። የይዞታ ባለሙያው «ሦስቱ ሰዎች አንድ ሰው ስለመሆናቸው ከፍርድ ቤት ማስረጃ አምጡ» አሉን። በግዕዝ ድምፅ ቢለያዩም በዛሬው አማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ በአፍ አንድ መሆናቸውን ማንም ያውቃል፤ እርሳቸውም ያውቃሉ። ሆኖም ካርታውን የሚያትመው ሥርዓት ፊደሉን እንደ ቁጥር ያነባል፤ ፊርማቸውንም የሚያኖሩት እርሳቸው ናቸው። ወደ ፍርድ ቤት ተመልሰን፣ ምስክር አቅርበን፣ ውሳኔ ተቀብለን መጣን። ለአንዲት ፊደል አራት የሥራ ቀን ሄደ። ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ቢነገረን ኖሮ ከወራሽነቱ ጋር በአንድ አቤቱታ ማስወሰን እንችል ነበር። በአገልግሎቱ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን በር ብቻ ያውቃል፣ የሚቀጥለውን በር የሚነግርህ የለም።

በሩ ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚፈጀውን ጊዜ፣ ቅድመ ሁኔታውንና ክፍያውን ይዘረዝራል፤ የስም ዝውውር ከሚለው ረድፍ ሥር «የተሟላ ማስረጃ» ይላል እንጂ ምን ሲሆን እንደሚሟላ አይናገርም። የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ግን ግድግዳው ላይ በጀቱን በየዘርፉ ከፋፍሎ ለጥፏል፤ ለትምህርት፣ ለጤናና ለውኃ የተመደበውን ገበሬው ቆሞ ያነብበዋል፣ የማያነብም ያስነብባል። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ መልሱም ከ30 ቀን እንዳይዘገይ ያዛል፤ ባይመለስም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ «የለም» ሲሉን «ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡን» ብለን ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ፍለጋው እንደገና የተጀመረው፤ በቁጣ ሳይሆን በአክብሮት ከተጠየቀ ይሠራል።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ነገሮች። በገበያ ቀን አትሂዱ፤ ገበሬው ጉዳዩን ከገበያው ጋር ስለሚያያይዝ ወረፋው እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ዓርብ ጠዋት ቢሮው የሚዘጋው በ6:30 ሳይሆን በ5:30 ነው፤ የጁምዓ ሰላት ስላለም እስከ 7:30 ማንም አይገኝም። ማኅተም ያዡ ስብሰባ ላይ ከሆኑ ፊርማ ብቻ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ በከተማው ያሉት ሁለቱ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ስለሚዘጉ ኮፒውን ደሴ ላይ አድርጉት፤ መሸኛ ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ፣ ጉርድ ፎቶም በአራት። ክፍያው በቴሌብር ይቻላል፤ ደረሰኙን ግን አሳትሙት፣ ስልክ ላይ ያለውን ገንዘብ ያዡ አያያይዙትም። የፋይዳ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ እናቴ የጣት አሻራዋ በሥራ ብዛት ተፋፍቆ መጀመሪያ ላይ አልያዘም ነበር፣ በዓይን ብሌን ተሟልቶ ተመዝግባለች። ማመልከቻ ጸሐፊዎቹ በማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት በጃንጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ከመካከላቸው ሽማግሌው፣ የማኅደር ቁጥር ከደረሰኝ ላይ እንደሚገኝ የነገሩን እርሳቸው ናቸው፤ የቢሮው አንድም ሠራተኛ አይደለም።

ነጥብ መስጠት ካለብኝ ለወሳኝ ኩነቱ ከአምስት አምስት፣ ለመዝገብ ቤቱ ሦስት፣ ለይዞታ ክፍሉ ሁለት እሰጣለሁ። አዲሱ ካርታ በሰባተኛው ምልልስ ተዘጋጀ። ከመታተሙ በፊት የይዞታ ባለሙያው ረቂቁን ወደ እናቴ አዞሩትና «እማማ፣ ስምዎ በየትኛው ፊደል ይጻፍ?» አሏት። እናቴ ማንበብ ስለማትችል መታወቂያዋን አወጣች፤ እርሳቸውም ከፋይዳው፣ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔና ከግብር ደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ አስተያይተው ፈረሙበት።