የባጊዮ ገበያ፦ ለቡናው ብቻ እንኳ ይኬድበታል

ፊሊፒንስ ከሄዳችሁ ማኒላ ላይ አትቅሩ። ባጊዮ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት፤ የሕዝብ ገበያዋን ከልቤ ወድጄዋለሁ።

በተለይ የቡናው ተራ! በዙሪያው ካለው የቤንጌት አውራጃ የመጣ አረቢካ ተቆልቶ ተደርድሯል፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። እንደ አገሬው «አቴ» (ታላቅ እህት) ብዬ የጠራኋት ሻጭ ከመፍጨቷ በፊት «በምንድን ነው የምታፈላው?» ብላ ጠየቀችኝ። በጨርቅ አጥልዬ እንደምጠጣ ስነግራት «እንግዲያው ወፈር ይበል» አለችና ሦስት ዓይነት አሸተተችኝ። ምንም አላጣደፈችኝም። እንዲህ ዕቃውን የሚያውቅ ነጋዴ ደስ ይለኛል።

እንጆሪው ከጎረቤቷ ላ ትሪኒዳድ ነው የሚመጣው። ከአንድ ሌላ መደብ የገዛሁት ግን ከላይ አምሮ ከሥር የላሸ ነበር፤ ሳትከፍሉ አስገልብጣችሁ እዩ። ኡቤ ከሚባለው ሐምራዊ ሥራ ሥር የሚሠራው ማርማላታም ጥሩ ነው፣ ስኳሩ ትንሽ ይበዛል እንጂ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የተነሳ እሳት እዚህ ብዙ መደቦችን አውድሟል። ስለዚህ ዋጋ ማስቀነሱ ባይቀርም፣ ለጥቂት ፔሶ ብላችሁ ሻጮቹን አታድርቋቸው። በማለዳ ሂዱ፣ ዝርዝር ገንዘብም ያዙ።