ዛንዚባር፣ ሲሼልስ ወይስ ማልዲቭስ? ከደሴ ተነስቶ ዳይቪንግ ለሚሄድ ሰው

ለዳይቪንግ ዕረፍት፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር አዝላችሁ ባሕር ስር ለመዋኘት፣ ገንዘብ እየቆጠባችሁ ከሆነ፣ ከሆቴሉ ዋጋ በፊት መመለሻችሁን አስቡ። ባሕር ስር ሆናችሁ ከምትተነፍሱት አየር ናይትሮጅን ሰውነታችሁ ውስጥ ይገባል። የሚወጣው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው። ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣችሁ አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ ከባሰ ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ነው ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት አትብረር የሚባለው።

ይህ ግን የአውሮፕላን ልክ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢሳሳ ቢሳሳ የ2,400 ሜትር ከፍታን ያህል ነው። እኛ ደሴ የምንኖረው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ በመኪና ከመጣችሁ ደግሞ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወስዳችኋል። ስለዚህ የወሎ ሰው ከመጨረሻው ዳይቭ በኋላ ሙሉ 24 ሰዓት ባሕር ዳርቻው ላይ ይቆይ። እኔ ያን ቀን ደረቁ ቀን እለዋለሁ፤ ሦስቱን ደሴቶች ከማወዳድርባቸው ነገሮች አንዱም እሱ ነው።

ለጀማሪ ዛንዚባር እላለሁ። በረራው ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከሦስቱም ርካሹ እሱ ነው፣ ወቅቱም ለእኛ ይመቻል፤ ደሴ በክረምቱ ጭቃና ጉም ስትሆን እዚያ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን አትሂዱ፣ ትልቁ ዝናብ ያኔ ነው። ኑንግዊ ወይም ማቴምዌ ካረፋችሁ በጀልባ ምኔምባ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ይወስዷችኋል፤ ኮራሉ ጥልቅ ስላልሆነ ኤሊና የዓሣ መንጋ ለማየት ብዙ መውረድ አይጠይቅም። ጎረቤቷ ደሴት ፔምባ ከዚያ ትበልጣለች ይሏችኋል፣ እውነት ነው፤ ግን የባሕር ስር ገደሉና የውሃው ፍሰት ልምድ ላለው ነው። ደረቁን ቀን ደግሞ ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌ ከተማ ውስጥ በእግር ታሳልፉታላችሁ፤ ጠባብ መንገዶቹ፣ የተቀረጹት የእንጨት በሮቹ፣ የቅመም ገበያው ቀኑን ይሞሉታል። ሙስሊም ለሆነ ሐላል ምግብ የትም አለ፣ ለሚጾመውም በኮኮናት የተሠራ ባቄላና ሩዝ አይጠፋም።

የእኔ የመጀመሪያ ዳይቭ ምኔምባ ነበር። ሁለት ሜትር እንኳ ሳልወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ። ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሐረጎ ላይ የሚሰማን ነገር ነው፣ ግን በጣም የባሰ። በኋላ ሳሰላው ያ ሁሉ ቁልቁለት ጆሮ ላይ የሚጨምረው ግፊት የአንድ ሜትር ውሃን እንኳ አይሞላም! አስተማሪው በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ትንሽ ከፍ አልኩ፣ አፍንጫዬን ይዤ ቀስ ብዬ ነፋሁ፣ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ጆሮ ሲያምም ተፋልሞ መውረድ የለም። ጉንፋን ከያዛችሁ ደግሞ ከነጭራሹ አትግቡ፣ ብሩ ቢቃጠልም።

ሲሼልስ በወረቀት በኩል ቀላል ነው። ለማንም ቪዛ አይጠይቅም፣ የጉዞ ፈቃድ ብቻ በኢንተርኔት ትሞላላችሁ። በረራው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ባሕሩ ስር ትልልቅ የግራናይት ድንጋዮች አሉ፤ በመካከላቸው መዋኘት ሌላ ዓለም ነው። ችግሩ ውድ ነው፣ ምግቡም ማረፊያውም። በእኛ ክረምት ደግሞ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል፤ ጥሩው ጊዜ ሚያዝያና ግንቦት ወይም ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ይህ ለመምህርና ለተማሪ አይመችም። ለጫጉላ ከሆነና ብሩ ካለ ግን ሂዱ።

ማልዲቭስን ለሁለተኛ ጉዞ አቆዩት። ከሦስቱ ሩቁ ነው። ሰው ሁሉ የሚያስበው ውሃ ላይ የተሠራውን የሪዞርት ቤት ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ነዋሪ ባለባቸው ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያ ስለተፈቀደ በዝቅተኛ ዋጋ ማደር ይቻላል። እዚያ አልኮል የለም፣ አለባበስም ይጠበቃል። የ30 ቀን ቪዛ ስትደርሱ በነጻ ይሰጣችኋል። ዳይቪንጉ ከሦስቱም የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ብዙው ግን የውሃው ፍሰት እየወሰደ የሚደረግ ዳይቭ ስለሆነ መረጋጋት ለማያውቅ ጀማሪ ያስፈራል። ሐኒፋሩ ላይ ማንታ ሬይ የተባለውን ትልቅ ጠፍጣፋ ዓሣ ለማየት የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ በሲሊንደር መጥለቅ ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው ስኖርክል፣ ማለትም ውሃው ላይ ተደፍቶ በቱቦ እየተነፈሱ መዋኘት፣ ብቻ ነው። ደረቁ ቀን ላይ ደሴቷን በግማሽ ሰዓት ትጨርሷታላችሁ፣ ከዚያ መቀመጥ ነው።

የሙከራ ዳይቭ ብቻ ከፈለጋችሁ አስተማሪ ይዟችሁ እስከ 12 ሜትር ትወርዳላችሁ። እስከ 18 ሜትር የሚያስኬደውን ኦፕን ዋተር የተባለ ሰርተፊኬት ከፈለጋችሁ ግን 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ አለባችሁ፤ ይህን እዚሁ ተለማምዳችሁ ሂዱ፣ ባሕሩ ዳር መማር በዶላር ነው።

ለዛንዚባር ቪዛው ላይ 44 ዶላር የግዴታ ኢንሹራንስ ጨምሩ። ለሦስቱም የቢጫ ወባ ካርድ ያዙ፤ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ተከተቡ፣ አንዴ ከወሰዳችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። አስም፣ የልብ ወይም የጆሮ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ የዳይቪንግ ቤቱን የጤና ፎርም አስልኮ እዚሁ ሐኪም ያስፈርም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከመላኩ በፊት።