ከፍና ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ጠረጴዛ፦ ከስምንት ወር በኋላ ምን ጸና፣ ምን ላላ

ጠረጴዛው ባለ ሁለት ሞተር ነው። እያንዳንዱ እግር አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሦስት ቱቦ አለው፤ ከነቦርዱ ከ62 እስከ 127 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ላዩ ላይ የታሰረው 140 በ70 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፑድ ነው። ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ተሠርቶበታል፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲገዛ ያሰጋ የነበረው ሞተሩ ነበር፤ እሱ ግን እስካሁን ምንም አላለም። ያስቸገሩት ርካሾቹ ናቸው፦ ቪቴ፣ ገመድና የቦርዱ ጠርዝ።

ሻጮች የሚያሞግሱት ቆሞ መሥራቱን ነው። ትልቁ ጥቅም ግን ያለው ሲቀመጡ ነው። የተለመደ ጠረጴዛ ከፍታው ከ72 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 አካባቢ የሆነ ሰው እግሩን ወለል አስረግጦ ሲቀመጥ ክርኑ የሚያርፈው 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ወይ ትከሻውን ሰቅሎ ይጽፋል፣ ወይ ወንበሩን ከፍ ያደርግና እግሩ ይንጠለጠላል። ስትገዙ መጀመሪያ የታችኛውን ቁጥር እዩ። ባለ ሁለት ቱቦ እግሮች ብዙዎቹ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርሱ መውረድ ያቆማሉ። በዚያ ላይ አንዳንድ አምራቾች የሚጽፉት የብረቱን ከፍታ ብቻ ነው፤ የቦርዱን ውፍረት ራሳችሁ ደምሩበት።

ልኩን ለማውጣት መጀመሪያ ወንበሩን አስተካክሉ፦ ጫማችሁ ሙሉ በሙሉ ወለል ይርገጥ፣ ጭናችሁ ይተኛ። ትከሻችሁን ልቀቁት፣ ክርናችሁን 90 ዲግሪ እጠፉት፣ ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ ክርናችሁ ሥር በሜትር ይለካ። ከዚያ ላይ የኪቦርዱን ውፍረት፣ ማለትም አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ቀንሱ። ይህንን በማስታወሻ ቁልፍ 1 ላይ መዝግቡት። ለመቆሚያውም እንዲሁ ነው፤ ብቻ ቤት ውስጥ በምታደርጉት ጫማ ይሁን። በነጠላ ጫማ የተለካ ከፍታ ወፍራም ሶል ሲደረግ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይስታል፤ የእጅ አንጓ ደግሞ ያቺን ሁለት ሴንቲ ሜትር ቶሎ ያውቃታል።

መቆሙን በተመለከተ ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነት በአንድ እግር ይቆማል፣ ክርን ቦርዱን ይደገፋል፤ ያኔ መቀመጥ ይሻላል። ስልክ ማነጋገርና ለመልእክት መልስ መስጠት ቆሞ ይሄዳል፤ ረጅም ጽሑፍ አይሄድም።

አሁን ወደ መወዛወዙ። 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ጠረጴዛው እንደ ግድግዳ ነው። ከ110 በላይ ሲወጣ ኪቦርድ በተመታ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ በሚታሰር የብረት ክንድ የተሰቀለው ሞኒተር ይንቀጠቀጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ወለሉ ነው፤ ከአራቱ የእግር ማስተካከያዎች አንዱ ወለል ካልነካ ሙሉው ብረት ያነክሳል። ውኃ ልክ ቦርዱ ላይ አስቀምጡና ማስተካከያዎቹን አንድ በአንድ አዙሩ። ሁለተኛው የላላ ብሎን ነው። ስትገጣጥሙ ሁሉንም ብሎኖች በእጅ ብቻ አስይዙ፤ የመጨረሻው ከገባ በኋላ በብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) በማዕዘን በማዕዘን አጥብቁ። አንዱን ጎን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ብረቱን ያጣምመዋል። ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ አጥብቁ፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ከብሎኖቹ ግማሹ ሩብ ዙር ያህል ተቀብለዋል። የቀረውን ንቅናቄ መቀበል ነው፤ ረጅም እግር ላይ ያለ ክብደት ይወዛወዛል።

ቦርዱን ከብረቱ ጋር የሚያስረው ቪቴ ግን ከብሎን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቺፑድ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ ነው፤ ቪቴ ሦስት አራት ጊዜ ከወጣና ከገባበት ቀዳዳው ይፈረፈርና መያዝ ያቆማል። በትራፓኖ በግፊት ማጥበቅም ያው ነው። መጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጡ፤ ጥልቀቱ ከ15 ሚሊ ሜትር እንዳያልፍ መሰርሰሪያው ላይ ፕላስተር ጠቅልሉ። የመጨረሻውን ዙር በእጅ ካቻቪቴ አጥብቁ። የተበላሸ ቀዳዳ ይድናል፦ የእንጨት ኮላ የተቀባ ቀጭን እንጨት አስገቡበት፣ 24 ሰዓት ይድረቅ፣ የተረፈውን ቁረጡና እንደገና ብሱ።

ሞተሩ ያልተበላሸው አንድም ስለማይደክም ነው። እንዲህ ያሉ ሞተሮች በተከታታይ 2 ደቂቃ ሠርተው 18 ደቂቃ እንዲያርፉ የተሠሩ ናቸው። ልጆች እንደ አሳንሰር ቢጫወቱበት መቆጣጠሪያው ራሱን ይቆልፋል፤ ያ ብልሽት አይደለም፣ ይቀዝቅዝ። ጠረጴዛው እየሄደ መብራት ከጠፋ ደግሞ ሁለቱ እግሮች ያሉበትን ልክ ሊስቱ ይችላሉ፤ ወይ የስህተት ቁጥር ይታያል፣ ወይ አንዱ ጎን ያዘነብላል። የመውረጃውን ቁልፍ ተጭናችሁ እስከ መጨረሻው አውርዱ፣ ልቀቁ፣ እንደገና አሥር ሰከንድ ያህል ተጫኑ። በትንሹ ወርዶ መልሶ ከፍ ካለ ልኩን አግኝቷል። ካልሆነ ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ጀርባ ያሉትን መሰኪያዎች ጫን አድርጉ፤ ከመንቀጥቀጡ ብዛት ይወጣሉ።

ሲወርድ ዕቃ ከነካ የመቆም ችሎታው ጠንካራ ነገር ላይ ይሠራል። የወንበር ክንድ ላይ ያለ ስፖንጅ ላይ ግን ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ወንበሩን አርቁት፣ መሳቢያ ከሥሩ አታቁሙ።

ገመድ ላይ የሚፈጸመው ስህተት የስሌት ነው። በታችኛውና በላይኛው ከፍታ መካከል 65 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ከግድግዳ ወይም ከወለል የሚመጣ እያንዳንዱ ገመድ ያንን ያህል፣ በላዩም 20 ሴንቲ ሜትር፣ ትርፍ ይፈልጋል። ያነሰ ከሆነ ጠረጴዛው ሲወጣ የሚጎተተው የሞኒተሩ መሰኪያ ነው። የሚሻለው የሶኬት ማከፋፈያውን ከቦርዱ ሥር ማሰር ነው፤ ሁሉም እዚያው ይሰካል፣ ወደ ግድግዳ የሚሄደው አንድ ገመድ ብቻ ይሆናል። ማሰሪያው ቬልክሮ ይሁን፤ የፕላስቲኩ ማሰሪያ አንድ ገመድ ለመቀየር ሁሉንም ያስቆርጣል።

የ70 ሴንቲ ሜትሩ ጥልቀት ለሞኒተር የሚበቃው በክንድ ሲሰቀል ነው፤ በራሱ መቆሚያ ከሆነ ዓይን ላይ ይመጣል። የስክሪኑ ላይኛ ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም በትንሹ ዝቅ ይበል፤ ርቀቱ የተዘረጋ ክንድ ያህል ይሁን፤ መስኮቱ በጎን ይሁን።

በሰባተኛው ወር የእጅ አንጓ የሚያርፍበት የፊት ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ቀጭን ፕላስቲክ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተነሣ። ሥሩ ያለው ኮላ በሙቀት የሚቀልጥ ዓይነት ነው፦ ጨርቅ አልብሶ መካከለኛ ሙቀት ባለው ካውያ ጥቂት ሰከንድ መጫን፣ ከዚያ እስኪቀዘቅዝ በደረቅ እንጨት ማፈን። ይዟል።