ዝም የሚል ላፕቶፕ፦ ማክቡክ ኤር ኤም1 ለቤት ውስጥ ድምፅ ቀረጻ

ለድምፅ ሥራ ኮምፒውተር ሊገዛ የሄደ ሰው ሻጩን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮር አይ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ይጠቅማል። ማስታወቂያ፣ የዘጋቢ ፊልም ትረካ ወይም የድምፅ መጽሐፍ ለሚያነብ ግን እምብዛም ቁምነገር የለውም። ሥራው አንድ ሰው፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ትራክ ነው፤ ይህን የአሥር ዓመት ላፕቶፕም ይሸከመዋል። ቀረጻውን የሚያበላሸው የኮምፒውተሩ ፋን (ማቀዝቀዣ ማራገቢያው) ነው። አንባቢው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ መንፋት ይጀምራል፣ አምስተኛው ላይ ጸጥ ይላል፤ ኋላ ሁለቱን ገጾች ሲያገጣጥሙ ድምፁ ከሁለት የተለያዩ ክፍሎች የመጣ ይመስላል።

አፕል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ያወጣው ማክቡክ ኤር ኤም1 ፋን ጭራሽ የለውም። ማከማቻውም ኤስኤስዲ ስለሆነ ውስጡ የሚሽከረከር አንድም ነገር አይገኝም። ሲሞቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አይነፋም። ድምፅ ሲቀረጽ እስከዚያ ድረስ አይሞቅም፤ የአንድ ሰዓት ፋይል ላይ ኖይዝ ሪዳክሽን (የጀርባ ጩኸት ማጥፊያ) ሲሠራ ትንሽ ቢለግም ማይኩ ያን ጊዜ ዝግ ነው። ለዚህ ሥራ ዛሬም አንደኛ ምርጫችን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ያውም ያገለገለው። ከእሱ በኋላ የመጡት የኤም2፣ የኤም3 እና የኤም4 ኤሮችም ፋን የላቸውም። ኤም2 ቻርጀሩን በማግሴፍ (በማግኔት በሚያያዝ የራሱ ቀዳዳ) ስለሚቀበል አንድ የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ነፃ ያደርጋል፤ ለድምፅ ሥራ ብቻ ከሆነ ግን የዋጋውን ልዩነት ማይክ ላይ ማዋል ይሻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በ2020 መጀመሪያ የወጣው የኢንቴል ማክቡክ ኤር ከውጭ ሲያዩት ከኤም1 አይለይም፤ ፋን ግን አለው፣ ድምፁም ትንሽ አይደለም። የ13 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ኤም1ም ፋን አለው። ሻጩ «2020 ኤር ነው» ስላለ ብቻ አይቀበሉ። ከላይ በግራ ጥግ ያለውን የአፕል ምልክት ተጭነው «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን ይክፈቱ፤ «ቺፕ፦ አፕል ኤም1» ካላለ የሚፈልጉት ዕቃ እሱ አይደለም።

ሜሞሪው 8 ወይም 16 ጊጋባይት ነው፤ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ አይጨመርም። ለድምፅ 8 ይበቃል። በዚያው ማሽን ቪዲዮም የሚቀናበር ከሆነ 16 ይፈልጉ። ስለ 256 ጊጋባይቱ ማከማቻ የሚነሳው ስጋት የተጋነነ ነው። በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በሞኖ (በአንድ ቻናል) የተቀረጸ ዌቭ ፋይል በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ገደማ፣ በሰዓት 518 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ መቶ ሰዓት ንባብ 52 ጊጋባይት መሆኑ ነው። በስህተት በስቴሪዮ ከቀረጹ እጥፍ ይሆናል፣ ያውም ያለ ምንም ጥቅም።

የፋን ጉዳይ በእርግጥ እርስዎን ይመለከት እንደሆነ አሁን ባለዎት ላፕቶፕ መሞከር ይችላሉ። ማይኩን ለንባብ በሚጠቀሙበት ጌይን (የማጉያ መጠን) አስተካክለው 10 ሰከንድ ዝምታ ይቅረጹ። ከዚያ ድምፁ የተዘጋ ከባድ ቪዲዮ ለአምስት ደቂቃ ያጫውቱና ወዲያው ሌላ 10 ሰከንድ ይቅረጹ። ሁለተኛው ዝምታ በአማካይ (በአርኤምኤስ) ልኬት ከ3 ዴሲቤል በላይ ከፍ ካለ ፋኑ ቀረጻዎ ውስጥ እየገባ ነው። ለመመዘኛ የኦዲብል የድምፅ መጽሐፍ መድረክ የሆነው ኤሲኤክስ የሚጠይቀውን መያዝ ጥሩ ነው፦ ንባቡ በአማካይ ከ-23 እስከ -18 ዴሲቤል፣ ከፍተኛው ጫፍ ከ-3 የማይበልጥ፣ የክፍሉ ዝምታ ከ-60 የማይበልጥ። በሌላ አነጋገር በድምፅዎና በክፍልዎ ዝምታ መካከል ቢያንስ 37 ዴሲቤል ርቀት ያስፈልጋል። በአማርኛ ለሀገር ውስጥ ጣቢያ የሚያነብ ሰው ይህን ማሟላት የሚያስገድደው የለም፤ ይህን ያሟላ ቀረጻ ግን ማንም «ጩኸት አለው» ብሎ አይመልሰውም።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ መብራት ነው። የኤሩ ባትሪ 49.9 ዋት ሰዓት ነው፤ ማይኩን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን፣ ኦዲዮ ኢንተርፌሱም፣ ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ስለሚወስድ መብራት ቢጠፋም ንባቡ አይቋረጥም። ማክ ሚኒም ሆነ ዴስክቶፕ የገዛ ሰው ዩፒኤስ መጨመር ግድ ይሆንበታል፤ ዩፒኤሱ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ቲት ቲት ማለቱ አይቀርም። ባትሪ ላይ መሥራት ሌላም ጥቅም አለው። የኤሩ ቻርጀር ባለ ሁለት እግር መሰኪያው ላይ ሲሆን ኧርዝ የለውም፤ የአሉሚኒየም አካሉን ሲነኩት የሚነዝር ስሜት ከተሰማዎት ምክንያቱ እሱ ነው። ያው ነገር ቀረጻው ላይ «እምምም» የሚል ድምፅ ሊጥል ይችላል። የእኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም «ፕሎት ስፔክትረም» ሲያዩት 50፣ 100 እና 150 ላይ ሹል ሹል ሆኖ ይታያል። 80 ኸርዝ ላይ ሃይ ፓስ ፊልተር (ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ቢያደርጉ 50ው ይቀንሳል፤ 100 እና 150 ግን የወንድ ድምፅ የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ እነሱን ሲቆርጡ ድምፁን አብረው ይቆርጣሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከመቅረጽዎ በፊት ቻርጀሩን ይንቀሉ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ያለ እረፍት የሚያነብ ጉሮሮ ስለሌለ ባትሪው ይበቃል።

የኤሩ ዋና ጉድለት ቀዳዳዎቹ ናቸው። ሁለት ዩኤስቢ ሲ ብቻ ነው ያለው፣ ሁለቱም በግራ በኩል። ከኢንተርፌሱ ጋር የሚመጣው ኬብል ብዙ ጊዜ ጫፉ ዩኤስቢ ኤ ስለሆነ ከሲ ወደ ሲ የሆነ የዳታ ኬብል ለብቻው ይግዙ። የስልክ ቻርጀር ኬብል አይሁን፤ አንዳንዱ ኃይል እንጂ ዳታ በቅጡ አያሳልፍም። ርካሽ ሃብ (ቀዳዳ ማብዣ) በመሃል ማስገባትም ጣጣ ነው፦ ኢንተርፌሱ በቂ ኃይል ሲያጣ ቀረጻው ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ወይም መሃል ላይ ይጠፋል።

ማክ ላይ ለአብዛኛው ኢንተርፌስ ድራይቨር መጫን አያስፈልግም፤ አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሪፐርን ወይም ኦዳሲቲን የመሰለ መቅረጫ ፕሮግራም ሲከፍቱ ማክ የማይክ ፈቃድ ይጠይቃል። ያን ጊዜ «አይ» ብለው ከሆነ ፕሮግራሙ ምንም ስህተት ሳያሳይ ቀጥ ያለ መስመር ሲቀርጽ ይውላል። «ሲስተም ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ማይክሮፎን» ውስጥ ገብተው ያብሩት። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከመጣ ደግሞ ትራኩን ሞኖ አድርገው ማይኩ የተሰካበትን ኢንፑት ይምረጡ። የራስን ድምፅ ዘግይቶ መስማት ንባብን ያንተባትባል፤ ለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ በፈር (ድምፁ የሚጠራቀምበትን ጊዜያዊ ቋት) ሲቀንሱ ከመዋል ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን፣ ድምፁን በኮምፒውተሩ ሳያልፍ የሚያሰማውን ዳይሬክት ሞኒተር ማብራት ነው።

በጀቱ ለኤር የማይደርስ ከሆነ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 እንመክራለን። ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴል ያለበት ከሆነ ዊንዶውስ 11ን በይፋ ይቀበላል፤ ቀዳሚው ቲ470 ግን አይቀበልም፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ሁለት የሜሞሪ ቦታ አለው፣ ኋላ ያለው ባትሪ በእጅ ይወጣል፣ የዩኤስቢ ኤ ቀዳዳም አያጣም። ፋኑን ለመግራት «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ ካለው «ፓወር ኦፕሽንስ» የላቁ ምርጫዎችን ይክፈቱና «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ ያውርዱ። አንድ በመቶ ምን ይለውጣል አይበሉ፤ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚዘልበትን ተርቦ ቡስት ያጠፋዋል፣ ሙቀቱም ፋኑም አብረው ይወርዳሉ። አቧራውን አስጠርገው ቴርማል ፔስቱን ያስቀይሩ። ሲቀርጹ ዋይፋዩን ያጥፉ፤ የዋይፋይ ድራይቨር ለጠቅታ ድምፅ የታወቀ መንስኤ ነው፣ ሌተንሲሞን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ጥፋተኛውን በስም ይነግርዎታል። የኢንተርፌሱን ኤኤስአይኦ ድራይቨር (በዊንዶውስ ላይ የድምፅ መዘግየትን የሚቀንሰውን) ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ፋኑ ከተሰማ ላፕቶፑን ከክፍሉ ያውጡት። የሚረዝመው የማይኩ ኤክስኤልአር ኬብል ይሁን፤ እሱ 10 ሜትርም ቢሄድ ችግር የለበትም፣ ዩኤስቢ ግን ከ5 ሜትር በላይ አይታመንም።

ለሁለቱም ማሽን ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ በቂ ኢንተርፌስ ነው። ማይኩን የሚወስነው ቤቱ ነው። ሹር ኤስኤም58 ዳይናሚክ ስለሆነ ከአፉ ፊት ያለውን ይይዛል፣ የሰፈሩን ውሻና ታክሲ ይተዋል። ነገር ግን ደካማ ሲግናል ስለሚሰጥ ብዙ ጌይን ይፈልጋል። የሦስተኛው ትውልድ ሶሎ 56፣ የአራተኛው 57 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ለስላሳ ድምፅ ያለው አንባቢ ቁልፉን እስከ ጫፉ ማዞር ሊኖርበት ነው። በአራት ጣት ርቀት ማንበብ ይህን ያቀልለዋል። የኤስኤም58 አስመሳይ ገበያውን ስለሞላው ሚዛን ይዞ መሄድ ነውር የለውም፤ ትክክለኛው 298 ግራም ይመዝናል። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 ኮንደንሰር ነው፣ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (ኢንተርፌሱ በማይኩ ኬብል የሚልከው ኃይል) ይፈልጋል፣ ድምፁ ጠርቶ ይወጣል፤ የክፍሉን ማስተጋባትና የቆርቆሮውን ዝናብም እንዲሁ አጥርቶ ያወጣል። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ ባለበት የኮንዶሚኒየም ክፍል ከጀርባዎ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም እጥፍ ጋቢ ሳይሰቅሉ ኮንደንሰር አይግዙ። የትኛውም ቢሆን ላፕቶፑ ከማይኩ ጀርባ ይቀመጥ፤ ሁለቱም ማይኮች በጀርባቸው በኩል የሚመጣውን ድምፅ አብዝተው ይቀንሳሉ።

ጌይን ሲያስተካክሉ «ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ማለት አማርኛን አይወክልም። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ጉሮሮ ተዘግቶ በአጭሩ የሚፈነዱ ድምፆች ስለሆኑ ሜትሩ ላይ ቀጭን ሹል ጫፍ ይጥላሉ። «ጨቅጫቃው ጠበቃ ጠጅ ጠጥቶ ቀጠሮ ቀየረ» የሚል ዓረፍተ ነገር በሥራው ስሜት ያንብቡና ጫፉ ከ-12 እስከ -6 ባለው ውስጥ እንዲወድቅ ያድርጉ። እነዚህ ፊደላት የሳንባ አየር ስለማይገፋቸው ማይኩን አይነፉም። የሚነፋው ፕ ነው፣ እሱ ደግሞ በባዕድ ቃላት ይመጣል፤ ዜና አንባቢ ከ«ፕሬዚዳንት»፣ ከ«ፓርላማ» እና ከ«ፕሮጀክት» ስለማያመልጥ ፖፕ ፊልተር (ከማይኩ ፊት የሚቆም የትንፋሽ መከላከያ) ይግዛ፣ ማይኩንም ከአፉ ትንሽ ወደ ጎን ያዙር።

ኖይዝ ጌትን (ድምፅ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ የሚዘጋውን መሣሪያ) እና ዝምታ ቆራጭ መሣሪያዎችን በተመለከተ አማርኛ የራሱ ሕግ አለው። «መጣ» ስንል ጠ ስለሚጠብቅ በመሃሉ እውነተኛ ዝምታ አለ። ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተዘጋጀ ቅንብር ያንን ዝምታ እንደ ትርፍ ቆጥሮ ሲያሳጥረው የጠበቀው ይላላል። «ይበላል» ውስጥ ብ ሲጠብቅና ሲላላ በዪውና ተበዪው ይለዋወጣሉ፤ ስለዚህ ነገሩ የጌጥ አይደለም። የጌቱን ሆልድ (ከመዝጋቱ በፊት የሚጠብቀውን ጊዜ) ከ200 ሚሊሰከንድ በታች አያድርጉ፤ ዝምታ ቆራጩም ከግማሽ ሰከንድ ያነሰውን እንዳይነካ ይዘዙት። ከሁሉም የሚሻለው ክፍሉን ዝም አሰኝቶ ጌቱን መተው ነው።

ጽሑፉን ከወረቀት ይልቅ ከስክሪን ማንበብ የገጽ ኮሽታን ያስቀራል። ማክ ኬፋ የተባለ የግዕዝ ፎንት ስላለው ዩኒኮድ የሆነ ሁሉ በትክክል ይታያል። በቀድሞው ዩኒኮድ ባልሆነ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ግን የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። ከድርጅቶች የሚላክ ስክሪፕት አንዳንዴ አሁንም እንዲህ ስለሚመጣ በፒዲኤፍ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ።

ያገለገለ ኤር ሲገዙ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ሻጩ ፊትዎ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስነሳው። ዋይፋይ ሲያገኝ የቀድሞ ባለቤቱን አፕል አይዲ ከጠየቀ ወይም «ሪሞት ማኔጅመንት» የሚል ገጽ ካመጣ ማሽኑ አሁንም የሌላ ሰው ወይም የመሥሪያ ቤት ነው፤ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት። «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ «ፓወር» የሚለውን ከፍተው የባትሪውን ሳይክል ካውንት (የሙሉ ሙሌት ዙሩን ብዛት) ይዩ፤ አምራቹ የሰጠው ገደብ 1000 ነው፣ 800 ያለፈ ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ከዋጋው ያስቀንሱ። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውንና ሁለቱንም ዩኤስቢ ሲ በየተራ ይሞክሩ፤ ሲሰካ የሚወዛወዝ ወይም ኬብሉ ሲነካ የሚቋረጥ ቀዳዳ ያለውን ማሽን ለዚህ ሥራ አይውሰዱ።