አዋሽ ወፍ ለማየት ለምትሄዱ ሁሉ፦ ይህን ልጅ ጠይቁ

ሰሞኑን ከቤተሰብ ጋር አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። ያስጎበኘንን የአካባቢውን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ይከነክነኛል።

ፓርኩ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ450 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቦበታል። ብዙ አስጎብኚ ግን ብርቅዬ ካልሆነ መኪና አያስቆምም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ የገጠመን አንዱ «ይሄማ የትም አለ» እያለ አብርሮን ነበር። ይሄኛው የትም አለ በተባለው ወፍ ላይ ነው የሚቆመው።

ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰን። ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ ወፉም ሰውም ጥላ ፍለጋ ነው፤ እውነቱን ነው። በቀጥታ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ኢላላ ሳላ ሜዳ ወሰደን። ኮሪ ባስታርድ የሚባለው ግዙፍ ወፍ ሣሩ ውስጥ ቀስ እያለ ይራመዳል። ወንዱ ከ15 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ እንዲህም ሆኖ ይበራል! ጀርባው ላይ ደማቅ ቀይ ንብ በል ወፍ ተፈናጣለች። ባስታርዱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሳውን አንበጣ እየዘለለች ትቀልባለች። አባቴ ዓይናቸው ደከም ስላለ አልታያቸውም። ልጁ «አባባ፣ ቆይ» ብሎ የባይኖኩላሩን ማስተካከያ በእጁ እያዞረ፣ እሳቸው «አገኘኋት!» እስኪሉ ድረስ ጠበቀ። እኛ ልጆቻቸው እንኳ እንዲህ አንታገስም።

ግራሩ ላይ ቀይ ምንቃር ያለው ሆርንቢል አይጠፋም። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ገብታ በሩን በጭቃና በኩሷ ትደፍነዋለች። ባልየው በቀረችው ቀዳዳ ምግብ ያቀብላታል። ልጁ እንዲህ ያለ ሽንቁር ከሩቅ አሳየን፤ ጠጋ እንበል ስንለው ግን እምቢ አለ። በዚህ ይበልጥ አከበርኩት።

ካምፕ አካባቢ ያለውን ማንም ያያል። ጀርባው የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርቱካናማ የሆነው ስታርሊንግ ምሳችሁ ድረስ ይመጣል። እንደ በግ የሚጮኸውን ጎአዌይ በርድ ደግሞ ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ። መተሐራ ስትደርሱ በሰቃ ሐይቅ ዳር ለውሃ ወፎች ትንሽ ቁሙ።

ጊዜ ካላችሁ ከፓርኩ ውጭ ወዳለው አሊደጌ ሜዳ ውሰደን በሉት። እዚያ ያለው የሶማሌ ሰጎን ነው፤ የወንዱ አንገትና ጭን ሰማያዊ ግራጫ ነው። ለእኔ የጉዞው ቁንጮ ግን ሳንድግራውስ የሚባለው የበረሃ ወፍ ነው። መልኩ ከአሸዋው አይለይም፤ ካልተነሳ አታዩትም። አንዱ ዓይነት ጠዋት፣ ሌላው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ውሃ ይወርዳል። ቢለን ፍል ውሃ አካባቢ የማታዎቹን ጠበቅናቸው። አባትየው የሆዱን ላባ ውሃ ውስጥ ነክሮ ይበራል፤ ጫጩቶቹ በረሃው መሀል ከላባው እየመጠጡ ይጠጣሉ። እንግዲህ አባትነት!

የልጁን ስምና ስልክ እዚህ አላወጣም። የፓርኩ በር ላይ «ወፍ የሚያውቀውን ልጅ» በሏቸው፣ ይጠሩላችኋል። ክፍያውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ቲፑንም አትሰስቱ። ባይኖኩላር ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ ካላችሁ የራሳችሁን ያዙ፤ አለበለዚያ እንደኛ ስትሻሙ ወፉ ይሄዳል።