የጀልባችንን ፍራሽ ለሠሩልን ባለሙያ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በባሕር ዳር ከተማ ፍራሽ በማደስና በመስፋት ለሚተዳደሩ አንድ ባለሙያ በአደባባይ ምስጋና ለማቅረብ፣ እንዲሁም በጣና ላይ ጀልባ ያላችሁም ሆነ በጀልባ ላይ የምታድሩ ሁሉ ሥራቸውን እንድታውቁት ለመጠቆም ነው። ስማቸው በጽሑፍ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ፣ እኛ የጀልባዋ ሠራተኞች እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እያልሁ እቀጥላለሁ። ሊያሠራቸው የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ የሥራ ቦታቸው ድረስ ራሴ አደርሰዋለሁ።

ጀልባችን የብረት ጀልባ ናት፤ ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ ደሴት፣ አልፎ አልፎም እስከ ጎርጎራ ሰውና ዕቃ ታመላልሳለች። በፊተኛው ጫፏ፣ ሁለቱ ጎኖቿ እየጠበቡ ሄደው በሚገናኙበት ቦታ፣ አንዲት ዝቅ ያለች የመኝታ ክፍል አለቻት። ሌሊት ሌሊት የጥበቃ ሠራተኛችን አባባ ያድሩባታል፤ ደቅ ወይም ጎርጎራ በምናድርበት ቀን ደግሞ ካፒቴኑና ረዳቱ ይተኙባታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያች አልጋ የሕመምተኛ አልጋ ናት፤ ከደሴቶቹ ወደ ከተማ ሕክምና የሚመጣ፣ መቀመጥ ያቃተው ሰው የሚጋደመው እዚያ ነው።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር ከደቅ አንዲት ምጥ የጠናባት እናት ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለመድረስ በእኛ ጀልባ ተሳፈረች። ወደ መኝታዋ ሲያስገቧት አማቷ ፍራሹን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ አራት አድርገው አጥፈው ከሥሯ አነጠፉላት። ባሕር ዳር ደርሰን እናቲቱን ካወረድን በኋላ ጋቢውን ያነሣሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ በታችኛው በኩል ረጥቦ ከብዶ ነበር፤ ሽታውም የሻጋታ ሽታ ነበር። እናቲቱ በሰላም ተገላግላለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁን እንጂ የእኒያ እናት ጋቢ ከዓይኔ ሊጠፋ ስላልቻለ፣ ክረምቱ እንደወጣ ፍራሹን ለመለወጥ ቆርጬ ተነሣሁ።

እስከዚያ ድረስ ሁለት ፍራሾችን ሞክረን ነበር። የመጀመሪያው የጥጥ ፍራሽ ሲሆን፣ ለቤት የሚመቸውን ያህል ለጀልባ አይሆንም፤ እርጥበት ሲጠጣ ሁለት ጎልማሶች ተጋግዘው እንኳ በጠባቧ በር ጎትተው ለፀሐይ ሊያወጡት አይችሉም ነበር። ሁለተኛው ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ሱቅ የገዛሁት 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖንጅ ፍራሽ ነበር። ሻጩ ዴንሲቲው 30 እንደሆነና ዓመታት እንደሚያገለግል አረጋግጦ ሸጠልኝ፤ እኔም በወጥ ቤት ቢላዋ ጎንና ጎኑን ቆርጬ አስገባሁት። ስምንት ወር ሳይሞላው መሐሉ ጎደጎደ፤ የታችኛው ፊቱም እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቆረ። አባባ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስሉ የሚያድሩት በብርዱ ምክንያት ይመስለን ነበር።

ጋሼ ዘንድ የሄድሁት ሦስተኛውን ፍራሽ በልክ ለማዘዝ ነበር። ልኩን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ95፣ የራስጌው ስፋት 1 ሜትር ከ80፣ የግርጌው 60 ሳንቲ ሜትር። ወረቀቱን አንብበው መለሱልኝና፣ «ልጄ፣ ይኼ የፍራሹ ልክ ነው፤ እኔ አስቀድሜ ፍራሹ የሚቀመጥበትን ማየት አለብኝ» አሉኝ። ቀብድ ልስጥዎት ብላቸውም አልተቀበሉኝም። ብዙ ሰው ይህን ያህል ነገር አያስተውለው ይሆናል፤ እኔ ግን ልክ ይዞ የመጣን ደንበኛ ገንዘቡን ሳይቀበሉ መመለስ እንዴት ያለ የሙያ ክብር እንደሆነ በኋላ ሥራቸውን ሳይ ገብቶኛል።

በማግስቱ ማለዳ ወደብ መጥተው ወደ ክፍሏ ገቡና፣ አሮጌውን ፍራሽ አስነሥተው መዳፋቸውን በመጀመሪያ በጣውላው ላይ፣ ቀጥሎም በብረቱ ግድግዳ ላይ አሳረፉ። መዳፋቸውን ገልብጠው ሲያሳዩኝ ውኃ ነበረበት። ጀልባዋ ታፈስሳለች ብዬ ደነገጥሁ። እሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ «እንጀራ ሲጋገር አከንባሎው ሲነሣ ከውስጡ የሚንጠባጠበውን ውኃ አይተህ የለም? ያ ውኃ ከውጭ የገባ አይደለም፤ የእንጀራው እንፋሎት ነው። እዚህም የተኛው ሰው ላብና ትንፋሽ ነው፤ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ጋ ደርሶ ውኃ ሆነ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ በመሆኑ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ከጎኑ ውኃ የሚመታው ብረትም ከሰው ገላ ይልቅ እጅግ የቀዘቀዘ ነው። የሰው ገላ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወጣው እርጥበት በስፖንጁ ውስጥ እያለፈ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች የሚያገኘው አየር የማያሳልፍ ድፍን ጣውላ ከሆነ እዚያው ይጠራቀማል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ደግሞ የውጭው አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ የሚያደርቀው ነገር አይኖርም። እንግዲህ እኔ ፍራሽ እየለወጥሁ ስከስር የኖርሁት በሽታው ከፍራሹ በታች እያለ ኖሯል።

ጋሼም አልጋው ሳይስተካከል አንድም ነገር እንደማይቆርጡልኝ በግልጽ ነገሩኝ። ጣውላውን በብዙ ቦታ እንድናስበሳውና በላዩ ላይ ርብራብ እንድናስመታበት፣ ፍራሹም በርብራቡ ላይ እንዲያርፍ፣ ከብረቱ ግድግዳ ጋርም እንዳይነካካ በጎንና በጎን ቀጭን እንጨት እንዲቆምበት አዘዙን። ይህ የአናጢ ሥራ ስለሆነ እሳቸው አልነኩትም፤ የሚያምኑትን አናጢ ግን አሳዩኝ። አናጢው በሁለት ቀን ጨረሰው።

አሁን ወደ ስፖንጁ ምርጫ ልምጣ፤ ለሁላችሁም የሚጠቅመው ትምህርት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛልና። አብዛኞቻችን ፍራሽ ስንገዛ በጡጫ ተጭነን «ጠንካራ ነው» ወይም «ለስላሳ ነው» እንላለን። ጋሼ እንዳስረዱኝ ጡጫ የሚነግረን ስፖንጁ ዛሬ ምን ያህል እንደሚጠነክር ብቻ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚነግረን ግን ክብደቱ ነው። ዴንሲቲ የሚባለውም አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ግራም እንደሚመዝን የሚገልጽ ቁጥር ነው እንጂ የጥንካሬ ቁጥር አይደለም። ይህን በቃል ብቻ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ እረሳው ነበር። እሳቸው ግን ከአሮጌው ፍራሽ ቆርጬ ያስቀረሁትንና ውኃ ያልነካውን ቁራጭ እንዳመጣ አደረጉኝ። ከእሱም፣ እሳቸው ለእኔ ካሰቡት ስፖንጅም፣ 50 በ40 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት እኩል ቁራጮች አወጡና በየተራ ሚዛን ላይ አስቀመጡአቸው። የእሳቸው 600 ግራም መዘነ፤ የእኔ 320 ግራም። እንዲህ ያሉ ሃምሳ ቁራጮች አንድ ሜትር ኩብ ስለሚሞሉ፣ የእሳቸው 30፣ «30 ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ግን 16 ብቻ መሆኑን በዚያው በሚዛኑ ፊት አሰላነው። ሁለቱም በጡጫ ሲጫኑአቸው እምብዛም አይለያዩም ነበር። ጋሼ ሻጩን በክፉ አላነሡትም፤ «ሳይመዝን የገዛ ሳይመዝን ይሸጣል» ብለው አለፉት። እናንተ ግን ከዛሬ ጀምሮ ፍራሽ ስትገዙ ሚዛን ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አስመዝኑ፤ ለቤታችሁም ቢሆን ይጠቅማችኋል።

ውፍረቱንም ከ20 ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረጉልን። ከታች 9 ሳንቲ ሜትር ጠንከር ያለ፣ ከላይ 3 ሳንቲ ሜትር ለስለስ ያለ ስፖንጅ በማስቲሽ አጣብቀው ሠሩት። ክፍሏ ዝቅ ያለች ስለሆነች በፊተኛው ፍራሽ ላይ ተኝቶ የነበረ ሰው ቀና ሲል ጣሪያው ግንባሩን ይመታው ነበር፤ አሁን ርብራቡ ተጨምሮም እንኳ አንድ ሰው በምቾት ተቀምጦ ጫማውን ማሰር ይችላል። ውኃ ፈጽሞ የማይጠጣ ዓይነት ስፖንጅ ለምን አንጠቀምም ብዬ ጠይቄአቸው ነበር፤ እሱ ከላይ ዝናብ ለሚያገኛቸው መቀመጫዎች እንደሚሆን፣ ለመኝታ ግን ጠጣር እንደሚሆንና የሰውን ላብ እንደማያሳልፍ ነገሩኝ።

የአቆራረጡ ነገር የእጃቸውን ጥበብ በቅርብ ያየሁበት ነው። የጀልባ ጎን እንደ ቤት ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከታች ጠቦ ወደ ላይ ይሰፋል። ስለዚህ ጋሼ አንድ ሳይሆን ሁለት የካርቶን ልክ ቆረጡ፤ አንዱን በርብራቡ ላይ አስተኝተው፣ ሁለተኛውን ደግሞ 12 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በእንጨት ደግፈው፣ ጠርዙን በመቀስ እየቀነሱ ከግድግዳው ጋር አስማሙት። ሁለቱን ሲያስተያዩአቸው የላይኛው በእያንዳንዱ ጎን አራት ጣት ያህል ይሰፋ ነበር። ካርቶኖቹ ላይ በእስክሪብቶ «ላይ»፣ «ታች»፣ «ቀኝ»፣ «ግራ» ብለው ጻፉባቸው፤ ጎኑ ሰያፍ የሆነ ፍራሽ ተገልብጦ ከተቆረጠ ተመልሶ አይገጥምምና። እኔ በወረቀት ይዤው የሄድሁት ልክ ቢቆረጥ ኖሮ በፍራሹና በግድግዳው መካከል ዙሪያውን ክፍተት ይኖር ነበር።

ፍራሹን በቁመቱ ለሁለት ከፍለው ሰፉት፤ እያንዳንዱ ግማሽ በጠባቧ በር በአንድ ሰው እጅ ይወጣል፣ ከአልጋው ሥር የምናስቀምጣቸውን የሕይወት አድን ጃኬቶችም አንዱን ግማሽ ብቻ አንሥተን እናገኛቸዋለን። ልባሱን ከላይ ከወፍራም የጥጥ ጨርቅ፣ ከታች አየር ከሚያሳልፍ መረብ ጨርቅ አደረጉት፤ ዚፑንም እንዳይዝግ የፕላስቲክ መረጡ። ሕመምተኛ የሚተኛበት ስለሆነ ልባሱ ወልቆ መታጠቡ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በመጀመሪያ የፈለግሁት በቀላሉ የሚወለወል ሲንቴቲክ ቆዳ ነበር፤ እሱ ላብን እንደሚያግድ አስረድተው አስተዉኝ። በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል፦ አዲስ ፍራሽ ሲገዛ ከነላስቲኩ መተኛት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እኔም ሁለተኛውን ፍራሽ እንዳይቆሽሽ ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬው ነበር። በጀልባ ላይ ይህን ማድረግ ፍራሹን በራሱ ውኃ ማበስበስ ነው።

ሥራው ቃል ከተገባው ቀን ስድስት ቀን ዘግይቷል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም። መረብ ጨርቁ በከተማው ስላልተገኘ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባቸው፤ መዘግየቱን ግን እኔ ሳልጠይቅ ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ። ስለዚህ የምትቸኩሉ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ንገሯቸው። ዋጋውን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ዘርዝረው ሰጥተውኛል፤ ሲያስረክቡኝም ከዚያ አንድ ብር አልጨመሩም። የተረፈውን ስፖንጅ ደግሞ የእኔ ገንዘብ የተከፈለበት ስለሆነ እሳቸው ዘንድ ሊቀር እንደማይገባ ነግረውኝ፣ ልጃቸው በሲንጀር ሁለት ትራስ ሰፍታበት ከፍራሹ ጋር አስረከበችኝ።

ፍራሹ ከገባ እነሆ አንድ ሙሉ ክረምት አለፈ። በየቅዳሜው ሁለቱን ግማሾች በጎናቸው አቁመን ክፍሏን እናናፍሳለን፤ እስከዛሬ የታችኛው ፊት ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አላየንም። አባባ ሳላቸው ቀንሷል፤ ባለፈው ሰሞን ማለዳ ስንደርስ እንደ ወትሯቸው ውጭ ተቀምጠው ሳይሆን ተራቸውን ለረዳቱ አስረክበው ተኝተው አገኘናቸው። ስንቀሰቅሳቸው፣ «ጋሼን ዕድሜ ይስጥልኝ፤ አጥንቴ ዐረፈ» አሉ። በዚህ ክረምትም ከደቅ ሦስት ሕመምተኞችን አምጥተናል፤ የማንም ጋቢ ከሥር አልተነጠፈም።

ጋሼን ለማሠራት የምታስቡ፣ ከመምጣታቸው በፊት አልጋውን ባዶ አድርጋችሁ፣ ጣውላውንም ጠርጋችሁ ጠብቋቸው፤ ትልልቅ ካርቶኖች ካሏችሁም አዘጋጁላቸው። ቀጠሮውን ግን በማለዳ አድርጉት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጀልባዋ ትናወጣለች፤ እሳቸውም ጀልባ እየተናወጠ የካርቶን ልክ አይቆርጡም።