ፓሪ/ጂፒ፦ ትልቅ ቁጥር ለሚመረምር ሰው ያዋጣል?

ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ወይ? አካፋዮቹ እነማን ናቸው? የኦይለር ፋይው (ከቁጥሩ ሳይበልጡ ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ብዛት) ስንት ነው? አንድ ትልቅ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) እጁ ላይ ላለ ሰው፣ ከነፃዎቹ ፕሮግራሞች መጀመሪያ መጫን ያለበት ፓሪ/ጂፒ ነው። ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ በአንሪ ኮኸንና በባልደረቦቹ የተጀመረ ነው። መልኩ አይስብም፤ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ባዶ መስኮት ብቻ ነው። ስሌቱ ግን ያስተማምናል።

2^67−1ን እንስጠው፤ ሲዘረጋ 147573952589676412927 ነው። «ፋክተር» (factor፣ ወደ ፕራይም አካፋዮች በትን) ሲባል ወዲያው 193707721 × 761838257287 ይላል። ፍራንክ ኔልሰን ኮል እ.ኤ.አ. በ1903 ይህንኑ ያሳየው በእጅ አስልቶ ነበር። ፋይው 147573951827644447920 ይወጣል። መልሱን መፈተሽ የፈለገ ከእያንዳንዱ አካፋይ 1 ቀንሶ ለ134 ያካፍል፤ 1445580 እና 5685360129 ያለ ቀሪ ይደርሱታል። 67 ራሱ ፕራይም ስለሆነ የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ሁሉ ከ134 ብዜት በ1 መብለጥ አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ቁጥሩን ሲያስገባ ነው። ከኤክሴል የተገለበጠ ቁጥር ከ15ኛው አሃዝ በኋላ ዜሮ ይሆናል፤ ያው ቁጥር 147573952589676000000 ሆኖ ይገባና ፋክተር ሲደረግ 2^8 እና 5^6 ይዞ ብቅ ይላል። የ2 እና የ5 ክምር ካያችሁ ፕሮግራሙን አትውቀሱ፤ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ አስቀምጣችሁ እንደገና ገልብጡ።

ሁለተኛው ነገር ቅር ያሰኛል። «ፋክተር» በነባሪው የሚሰጣቸው አካፋዮች ፈተና ያለፉ እንጂ ፕራይምነታቸው የተረጋገጠ አይደሉም። ፈተናው ቢፒኤስደብልዩ ይባላል፤ ከ2^64 በታች ስህተት እንደሌለበት ተጣርቷል፤ ከዚያ በላይም ያታለለው ቁጥር እስካሁን አልተገኘም። 3215031751ን ተመልከቱ፦ በ2፣ 3፣ 5 እና 7 የሚደረገውን «ጠንካራ» የተባለውን የፕራይምነት ፈተና ሁሉ ያልፋል፤ ግን 151 × 751 × 28351 ነው። ቢፒኤስደብልዩ የሉካስ ፈተና የሚባል ሌላ ፈተና ስለሚጨምር አይሸወድለትም። ማረጋገጫ የሚያስፈልገው ሰው ግን በእያንዳንዱ አካፋይ ላይ «ኢዝፕራይም» (isprime) ይበል። ይህ በነባሪው አለመሆኑ ጊዜን ለመቆጠብ ነው፤ ለጀማሪ በግልጽ ቢነገር ይሻል ነበር።

ፋይን፣ የአካፋዮችን ብዛትና ድምር በተከታታይ የምትጠይቁ ከሆነ፣ ቁጥሩን ሳይሆን አንዴ የወጣውን የአካፋዮች ሠንጠረዥ ስጡት። አለዚያ በየጥያቄው ፋክተር ማድረጉን ከ«ሀ» ይጀምራል። «ስታኩ ሞልቷል» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ የማህደረ ትውስታውን ጣሪያ ወደ 1 ጊጋባይት ከፍ ማድረግ ነው።

አቅሙን የሚወስነው የአሃዝ ብዛት ብቻ አይደለም። 200 አሃዝ ያለው ቁጥር ከአንዱ በቀር አካፋዮቹ ትንንሽ ከሆኑ ቶሎ ያልቃል፣ ፕሮግራሙ አካፋይ የሚፈልግበት የኤሊፕቲክ ከርቭ ዘዴ የሚደክመው በአካፋዩ መጠን ልክ ነውና። ሁለት ባለ 50 አሃዝ ፕራይሞች ሲባዙ ግን ሰዓታት ይፈጃል። ከዚያ ለሚበልጥ ካዶ-ኤንኤፍኤስ የተባለውን ሌላ የፋክተር ፕሮግራም መጫን ይሻላል፤ 250 አሃዝ ያለው አርኤስኤ-250 የተባለው የፋክተር መፈተኛ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 የተፈታው በእሱ ነው።